ስኳር ያለበት ሰው ብቻውን አይበላም

ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ምክር «አመጋገብህን አስተካክል» የሚለው ነው። ምክሩ ትክክል ነው። እንዴት እንደሚስተካከል ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ሐኪሙ ፋታ የለውም፤ ከበር ውጭ ብዙ ሰው ካርዱን ይዞ ይጠብቃል። «ስኳር ተው፣ ጨው ቀንስ፣ እንጀራ አታብዛ» ይባልና ይሸኛል። ቤቱ ሲገባ ያው ትሪ፣ ያው ቤተሰብ፣ ያው «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ» ይጠብቀዋል።

በቅርብ ዓመታት በዚህ ክፍተት ውስጥ አንድ ሐሳብ እየገባ ነው። ማይንድፉልነስ ይሉታል፤ ሐሳብን አሁን በሚደረገው ነገር ላይ ማሳረፍ ማለት ነው። ወደ ምግብ ሲመጣ ደግሞ አስተውሎ መብላት ነው። ቀስ ብሎ መብላት፣ ስልክና ቴሌቪዥን ዘግቶ መብላት፣ ከመብላት በፊት «አሁን የምበላው ርቦኝ ነው ወይስ ተጨንቄ?» ብሎ ራስን መጠየቅ፣ ጥጋብ ሲመጣ ማወቅ። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የክብደት መቀነሻ ዘዴ ተደርጎ ይወራል። ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎችም መፍትሔ ነው እየተባለ ነው።

እኔ ሐሳቡን እወደዋለሁ። ጥቅም እንዳለውም አምናለሁ። ነገር ግን አሁን በሚነገርበት መንገድ፣ ኃላፊነቱን ሁሉ በሕመምተኛው ጫንቃ ላይ ጥሎ ሲቀር፣ እኛ ቤት ውስጥ አይሠራም። እኛ የምንበላው በጋራ ነውና።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

በሕክምናው ዓለም የዚህ ነገር መነሻ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ጆን ካባት-ዚን የሚባል ሰው በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ውስጥ የስምንት ሳምንት ሥልጠና ጀመረ። መጀመሪያ የመጡለት ሕመማቸው አልድን ያላቸውና ሐኪሞች ከዚህ በላይ ብዙ ሊያደርጉላቸው ያልቻሉ ሰዎች ነበሩ። ሐሳቡን ያመጣው ከቡድሃ እምነት የተመስጦ ልምድ ነው። ሃይማኖታዊ መልኩን አውልቆ ለሆስፒታል እንዲመች አደረገው። ከሥልጠናው ውስጥ በጣም የታወቀው ልምምድ አንዲት ዘቢብ በእጅ ይዞ ማየት፣ ማሽተት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማኘክ ነው።

ዘቢብ ለእኛ ሩቅ ነው። ቆሎ ግን ቅርብ ነው። አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎ ያዙና አንድ በአንድ ብሉት። የመጀመሪያው ፍሬ ጥርስ ላይ ሲሰበር ይሰማል። የቆላው እሳት ጠንከር ያለ ከነበረ ትንሽ የምረት ጣዕም ይመጣል። ሱፍ ከተቀላቀለበት ቅባቱ ምላስ ላይ ይቀራል። ከወሬ ጋር በጭብጥ ስናፍሰው ከዚህ ውስጥ አንዱንም አናየውም። አሥር ፍሬ በልቶ ቆም ያለ ሰው፣ ብዙ ጊዜ እጁ ወደ ሰሐኑ የሚሄደው በርሃብ ሳይሆን በልማድ መሆኑን ያስተውላል። የዘዴው ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ከሰውነት አሠራር ጋር ይገጥማል። ምግብ ወደ አንጀት ሲደርስ ጥጋብን ለአንጎል የሚያሳውቁ ሆርሞኖች ይለቀቃሉ። መልእክቱ ወዲያው አይደርስም። ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል ይባላል። በአምስት ደቂቃ የጨረሰ ሰው ጥጋቡ የሚሰማው ከልኩ ካለፈ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በግሪክ፣ አቴንስ የወጣ ጥናት ጤነኛ ወንዶችን አንድ ዓይነት መጠን ያለው አይስክሬም አንድ ጊዜ በአምስት ደቂቃ፣ ሌላ ጊዜ በሠላሳ ደቂቃ አስበላቸው። ቀስ ብለው ሲበሉ የጥጋብ ሆርሞኖቹ ከፍ ብለው ተገኙ። ከእነዚህ አንዱ ጂኤልፒ-1 የሚባለው ነው። አሁን በየአገሩ የሚወራለት ኦዜምፒክ የሚባለው የስኳር ሕመም መርፌ የሚመስለው ይህንኑ ሆርሞን ነው። መርፌው ከቀስታ አበላል እጅግ የበረታ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። መንገዱ ግን አንድ ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ትንታኔ 24 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። ሐሳቡ ተከፋፍሎ የሚበላ ሰው በዚያ ማዕድ ላይ አብዝቶ ይበላል። የሚገርመው ሁለተኛው ውጤት ነው። በሚቀጥለው ማዕድ ላይ ደግሞ የባሰ ያበዛል። ምሳውን ፊልም እያየ የበላ ሰው፣ ምሳ መብላቱን ሰውነቱ ቢያውቅም ትዝታው በደንብ አልያዘውም። ከሰዓት በኋላ ብስኩት ሲመጣ እጁ ይሄዳል።

ስለዚህ መሠረት አለው። ግን ተአምር ተደርጎ መወራቱን አልወደውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸውን ሃምሳ ያህል ሰዎች በሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ አስተውሎ መብላትን ተማሩ። ሌሎቹ የተለመደውን የስኳር ሕመም የአመጋገብ ትምህርት ወሰዱ። ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው። ክብደታቸው ቀነሰ፤ የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው የስኳር ምርመራም ወረደ። በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ባለባቸው 194 ሰዎች ላይ ያደረገውን ጥናት ይፋ አደረገ። አስተውሎት የተጨመረላቸው ሰዎች በክብደት ብዙም አልበለጡም። በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳራቸው ግን የተሻለ ሆኖ ቆየ።

ከዚህ የምረዳው እንዲህ ነው። አስተውሎ መብላት መድኃኒትን አይተካም። የአመጋገብ ትምህርትንም አይተካም። ጥሩ ትምህርት ያላገኘ ሰው ግን ብዙ ነው፤ ለእሱ ሁለተኛ በር ይሆናል።

«ሰውነትህን ስማ» ሲባል

ሕመም የሌለበት ሰው «ርሃብህን ስማ፣ ጥጋብህን ስማ» ሲባል ብዙም አይሳሳትም። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ግን የሚሰማው ምልክት ራሱ የተዛባ ሊሆን ይችላል። ስለ አስተውሎት የሚጻፉ ጽሑፎች ይህን ጉዳይ አልፈውት ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ዋናው ነገር እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ስኳሩ በጣም የወጣ ሰው ይርበዋል። ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሳለ ሴሎቹ አያገኙትም፤ ስለዚህ ሰውነቱ «አምጣ» ይላል። ይህን ርሃብ አምኖ ቢበላ ስኳሩ ይብስ ይወጣል። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው የምግብ ፍላጎቱ በመድኃኒቱ ይነሣል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው አፉ ብረት ብረት ይለዋል፤ ምግቡ ሁሉ ጨው ያነሰው ይመስለዋል። ስኳር ለብዙ ዓመታት የቆየበት ሰው የጨጓራው ነርቭ ሲጎዳ ምግቡ ከሆዱ ቶሎ አይወርድም። ሁለት ሦስት ጉርሻ በልቶ ጠገብኩ ይላል። ኢንሱሊን ወስዶ ከሆነ ደግሞ አደጋ ነው፤ ምግቡ ሳይደርስ ስኳሩ ይወርዳል።

በተቃራኒው ስኳሩ የወረደ ሰው ርሃቡ እውነተኛ ነው፤ አጣዳፊም ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ይደናገራል። እዚህ ላይ ቀስ ብሎ ማኘክ የለም። ስኳሩ ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወዲያው መጠጣት ነው። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። አሁንም ካልወጣ ይደገማል። ራሱን የሳተ ወይም መዋጥ የማይችል ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። ለደም ግፊት ወይም ለልብ አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ላይሰማው ይችላል። ላቡ ግን ይቀራል። ይህን ማወቅ ሕይወት ያተርፋል።

ስለዚህ ለሕመምተኛ የሚሆነው አስተውሎት የተሰማውን ስሜት በመለኪያ ማመሳከርን ይጨምራል። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ውድ ነው። ሁሌ በየምግቡ ለካ ማለት ለብዙ ቤተሰብ የማይቻል ነገር ነው። ግን በሳምንት አንድ ማዕድ መምረጥ ይቻላል። ከምግብ በፊት አንዴ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንዴ። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ለአብዛኞቹ አዋቂዎች የሚያስቀምጠው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። በዚህ ሳምንት የሽሮውን ምሳ፣ በሚቀጥለው የፓስታውን፣ ከዚያ የቁርሱን ፍርፍር። በአንድ ወር ውስጥ የራሱን ሰውነት የሚያውቅ ሰው ይኖራል። «ሽሮ ይስማማኛል፣ ፓስታ ከፍ ያደርግብኛል» ማለት ይጀምራል። ይህ ከየትኛውም የተከለከሉ ምግቦች ዝርዝር ይበልጣል።

የክልከላ ዝርዝር ሌላ መዘዝም አለው። ተደብቆ መብላትን ያመጣል። ቀን ቀን ሰው ፊት ሩብ እንጀራ በልቶ የተነሣ አባት፣ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ኩሽና ገብቶ መብራት ሳያበራ ዳቦውን ይቆርሳል። ጠዋት ስኳሩ ሁለት መቶ ምናምን ይሆናል። ቤተሰቡ «ኪኒኑ አልሠራም» ይላል፤ እሱ ያፍራል፣ ዝም ይላል። የተደበቀ ምግብ በፍጥነትና በፍርሃት ነው የሚበላው። ጣዕሙም አይታወቅም። እዚህ ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ቁጣ አይደለም። አንድ ቁራሽ ዳቦ በቀን ብርሃን፣ በግልጽ፣ ተቀምጦ እንዲበላ መፍቀድ ይበልጣል።

የቀጠሮ ጉዳይም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ብዙ ሰው ቀጠሮው ሲቀርብ ሁለት ሦስት ቀን ይጠነቀቃል። ጠዋት በባዶ ሆድ ሲለካ ጥሩ ቁጥር ይወጣለታል። «ጎበዝ» ይባላል። የሦስት ወሩ ምርመራ፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው፣ የእነዚያን ቀናት ጥንቃቄ አያይም፤ የወራቱን አማካይ ነው የሚያሳየው። በየቦታው ግን አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋ አለው። ሰውየው ለሐኪሙ ብሎ እንጂ ለራሱ ብሎ አልበላም። ለዚህ ሕመምተኛውን ብቻ አልወቅስም። ፈተና ተደርጎ የቀረበለት ቀጠሮ ስለሆነ እንደ ፈተና ተዘጋጅቶለታል።

የጋራ ትሪ

ከአሜሪካ የመጣው ሥልጠና አንድ ሰው፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ሹካ ብሎ ያስባል። «ሳህንህ ላይ ያለውን ግማሹን አትክልት አድርግ» ይላል። በእኛ ትሪ ላይ የማን ግማሽ? አራት ሰው በሚበላበት ትሪ ላይ አንዱ ስንት እንጀራ እንደበላ ራሱም አያውቅም። ከፊቱ ያለው ሲያልቅ ይጨመርለታል። ቀስ ብሎ ቢበላ «ምነው፣ አልጣፈጠህም?» ይባላል። እጁን ቢሰበስብ «ገና ምን በላህ!» ይባላል። ከዚያ ጉርሻ ይመጣል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ሁለተኛው ይከተላል። ሦስተኛው ያፋቅራል።

ይህ ፍቅር ነው። እንዲጠፋ አልፈልግም። ብቻውን ሳህን ተሰጥቶት ጥግ የተቀመጠ ሕመምተኛ አይቼ አዝኛለሁ። ሰው ከማዕድ ሲለይ ከሕመሙ በላይ የሚያመው ነገር አለ። የሚያዋጣው ማዕዱን በሙሉ ማስተካከል ነው።

ለምሳሌ ምግብ የሚበላበት ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል። በኒው ዮርክ የዊል ኮርኔል የሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ትንሽ ጥናት፣ ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው 11 ሰዎች አትክልቱንና ሥጋውን ቀድመው፣ ዳቦና ጭማቂውን መጨረሻ ላይ ሲወስዱ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስኳራቸው ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ከበሉበት ቀን በ37 በመቶ ያነሰ ነበር። ምግቡ ያው ምግብ ነው። በእኛ ማዕድ ይህን በቀጥታ ማድረግ አይቻልም፤ እንጀራውና ወጡ በአንድ ጉርሻ ነው የሚገቡት። ግን መላ አለው። እንጀራው ከመቅረቡ በፊት ጎመኑን፣ ሰላጣውን፣ ፎሶልያውን በማንኪያ ለሁሉም ማቅረብ። ለሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። ልጆቹም ይጠቀማሉ።

እጅ መታጠብና ጸሎት ቀድሞውኑ አሉን። ውሃው እየፈሰሰ፣ ቡራኬው እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ሌላው ዓለም በሥልጠና የሚገዛው ቆም ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ እየጮኸ ስለሚደረግ ብቻ ነው የጠፋው። በአንድ ቤት ውስጥ ለምሳና ለእራት ሠላሳ ደቂቃ ቴሌቪዥን መዝጋት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ እንጀራው ራሱም አንድ ነገር ልበል። ጤፍ ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ገለባው ተለይቶ አይወጣለትም፤ ሙሉውን ይፈጫል። ጥሩ እህል ነው። ነገር ግን የጤፍ ዋጋ ከናረ ወዲህ በየከተማው ሩዝና የስንዴ ዱቄት ይቀላቀልበታል። በውጭ አገርም ነጭ ዱቄት መቀላቀል የተለመደ ነው። ስሙ እንጀራ ቢሆንም ሰውነት ላይ የሚያደርገው ሌላ ነው። «እንጀራ ስኳሬን አወጣው» የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የምን እንጀራ?» ተብሎ ነው። አስተውሎት ከሊጡ ይጀምራል።

ቡናውም አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚያደርግ ሰው አንዴ ቁጭ ብሎ ስድስት ማንኪያ ወስዷል። ከ24 ግራም አያንስም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ቢሆን ይመረጣል የሚለው የተጨመረ ስኳር 25 ግራም ገደማ ነው። በአንድ ቡና አለቀ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ስትጠራ ደግሞ ሌላ ሦስት ሲኒ። ይህን የሚቆጥር የለም፤ ቡና «ምግብ» ተብሎ አይታሰብማ። መጀመሪያ አንዱን ሲኒ ያለ ስኳር መሞከር፣ ሌሎቹን ማንኪያውን ማጉደል ይቻላል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ምላስ ይለምዳል። ስኳሩ ከመፍላቱ ጋር ሳይሆን ለየብቻ ቢቀርብ ደግሞ ሁሉም የራሱን ይለካል።

ጨውም ከዓይን የተሰወረ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ አንድ አዋቂ በቀን በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚወስድ አሳይቷል። የሚመከረው ከ5 ግራም በታች ነው። ብዙ ሰው «እኔ ጨው አልጨምርም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ጨው ግን በርበሬው ውስጥ አብሮ ተፈጭቷል፣ ሚጥን ሽሮው ውስጥም አለ፣ ወጡ ሲወርድ እንደገና ተጨምሯል። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨዉን መተው ወይም ማሳነስ፣ ደም ግፊት ላለበት ቤት፣ ማዕድ ላይ ከሚደረግ ከየትኛውም ጥንቃቄ ይበልጣል። ያን ውሳኔ የሚወስነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ሳይሆን በርበሬውን የሚያዘጋጀው ሰው ነው።

ጾም

ጾም በራሱ ትልቅ የአስተውሎት ትምህርት ቤት ነው። ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚበላ ማሰብን ያስተምራል። የጾም ምግባችን፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ሽምብራው፣ ጎመኑ፣ ለስኳር ሕመምተኛ ከብዙ ምግብ ይሻላል። አደጋው ያለው ሰዓቱ ላይና መድኃኒቱ ላይ ነው። ሐሙስ ማታ በልቶ ዓርብ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ከሆነ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን ብቻ የሚወስድ ሰው አደጋው ያንሳል። በራስ ውሳኔ መድኃኒቱን ትቶ መጾምም ሌላ አደጋ ነው፤ ስኳሩ ያሻቅባል። ከዚያ 9 ሰዓት ላይ፣ ረጅም ቀን በባዶ ሆድ ከቆየ በኋላ፣ በችኮላና በብዛት ይበላል።

በረመዳን ጉዳይ ሙስሊም ወገኖቻችን የተሻለ መመሪያ አላቸው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከባለሙያዎች ጋር ሆኖ ስለ ረመዳን ጾም ዝርዝር መመሪያ አውጥቷል፤ በ2021 ታድሷል። ማን መጾም እንደሚችል፣ ማን እንደማይገባው፣ መድኃኒት እንዴት እንደሚሸጋሸግ ይናገራል። ስኳር ከ70 ሲወርድ ወይም ከ300 ሲያልፍ ጾሙ ወዲያው መፈታት እንዳለበት ይገልጻል። በዓመት 55 ቀን የሚወስደው ዐቢይ ጾም፣ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም ሌሎቹ አጽዋማት ሲደመሩ ከረመዳን በብዙ ይበልጣሉ። ለእነዚህም ያን ያህል ጥንቅቅ ያለ መመሪያ በየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ማየት እመኛለሁ። እስከዚያው ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምንም የንስሐ አባትንም ማማከር ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ታዝናለች፤ ብዙ ሕመምተኛ ግን ሳይጠይቅ በራሱ ላይ ይጨክናል።

ከእስራኤል የተገኘ ትምህርት

ይህ ሁሉ የጋራ ጉዳይ መሆኑን በደንብ ያሳየው የቤተ እስራኤል ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የገቡት ወገኖቻችን በአገራቸው ሳሉ ስኳር ሕመም በመካከላቸው ብርቅ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ከገቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ገና እ.ኤ.አ. በ1988፣ በወጣቶቻቸው ላይ ሕመሙ ከፍ ብሎ መታየቱን ተመራማሪዎች ጻፉ። ኑሮው በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። እርሻና ረጅም መንገድ በእግር ቀረ። ጤፍ ቀርቶ ነጭ ዱቄት መጣ። ለስላሳና ጣፋጭ ከሱቅ ቅርብ ሆነ።

በሐደራ ከተማ በሂለል ያፌ ሆስፒታል ትሠራ የነበረች አናት ያፌ የምትባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ጤና ብሪዩት የሚባል ድርጅት አቋቋመች። ከሥራው ዋና ነገር አማርኛ የሚያውቁ፣ ከማኅበረሰቡ የወጡ ሰዎችን በሐኪሙና በሕመምተኛው መካከል ማቆም ነበር። ምክሩ ስለ ሰላጣና ስለ ዮጉርት ብቻ ሳይሆን ስለ እንጀራና ስለ ወጥ ሆነ። እኔን የሚስበኝ ይህ ነው። ሰዎቹ ፈቃደኝነት ወይም ትኩረት ስላነሳቸው አይደለም የታመሙት። ዙሪያቸው ተለወጠ። መፍትሔውም በዙሪያቸው በኩል መጣ።

እኛም ዘንድ ጉዳዩ እየቀረበ ነው። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የ2025 ዘገባ በዓለም ላይ 589 ሚሊዮን አዋቂዎች ከስኳር ጋር እንደሚኖሩ ይገምታል። በአፍሪካ ካሉት ውስጥ ከአሥሩ ሰባቱ ያህል መታመማቸውን አያውቁም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ምግብ የሚመርጡበት አቅም የላቸውም። ያገኘውን ለሚበላ ሰው ስለ ምርጫ ማውራት ነውር ነው። ለእሱ የሚጠቅመው ያለውን ምግብ በሰዓቱ መብላት፣ ከመድኃኒቱ ጋር ማገናኘት፣ ሲያጣም መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያደርግ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ነው።

ለክሊኒኮች አንድ ቀላል ነገር እጠይቃለሁ። ሕመምተኛውን «በሚቀጥለው ቀጠሮ ምግብ የሚሠራልህን ሰው ይዘህ ና» በሉት። ሚስቱ ትሁን፣ ልጁ ትሁን፣ የቤት ሠራተኛዋ ትሁን። ስለ በርበሬው ጨው፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ እንጀራው ሊጥ መነጋገር የሚቻለው ከእሷ ጋር ነው።

ምግብ የምትሠራው ራሷ ሕመምተኛዋ ስትሆን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። እንዲህ ያሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ወጡን እየቀመሱ ይውላሉ፤ ያን ማንም አይቆጥረውም። ማዕድ ሲቀርብ መጨረሻ ይቀመጣሉ። ልጆቹ ያስተረፉትን ላለመጣል ሲሉ ይበላሉ። ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት የሚወሰደውን ሬጉላር ኢንሱሊን ተወግተው፣ እንግዳ መጣ ተብሎ እንደገና ምድጃ ፊት ይቆማሉ። አንድ ሰዓት ያልፋል። ማላብ ሲጀምሩ «የእሳቱ ሙቀት ነው» ይባላል። በዚህ ቤት አስተውሎ መብላት ማለት ሌሎቹ እሷን ማስተዋላቸው ነው። ኢንሱሊኗን ከወሰደች ሰዓቱ ሲደርስ እሷ ቀድማ ትበላለች። እንግዳ ቢኖርም፣ ቄስ ቢኖርም፣ ወጡ ባይደርስም። ከልጆቹ አንዱ ሰዓት ይያዝላትና ያቅርብላት።